«ሳይንስ ከተለዋወጠ ለምን እናምነዋለን?»

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር ነኝ። በዓመቱ መጀመሪያ የሳይንስን ምንነት ሳስተምር ተማሪዎቼ ትርጉሙን በቃላቸው ያዙ፤ በፈተናም ጥሩ ውጤት አመጡ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ፕሉቶ ከፕላኔቶች ቁጥር መውጣቷን ስነግራቸው አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ‹ቲቸር፣ ሳይንስ እንዲህ ከተለዋወጠ ለምን እናምነዋለን?› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። ልጆች የሳይንስን ምንነት የሚረዱት እንዴት ነው? ቤተ ሙከራችን ዕቃ ስለሌለው ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሙከራ ብናሠራቸው ኖሮ ይገባቸው ነበር?»

ምላሽ፦

መምህር፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያ ልጅ ክፍሉ ስለሳቀበት እጁን ማውጣት እንዳያቆም ያድርጉ። የሳይንስ መምህራንን በማሠልጠን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አፍ የሰማሁት ግን ከስንት አንዴ ነው። እኛ አስተማሪዎች አንድ ቀን «ሳይንስ የተረጋገጠ ዕውቀት ነው» እንላለን፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ሳይንሳዊ ዕውቀት ይለወጣል» እንላለን። ሁለቱን ግን አስታርቀን አናውቅም። ሌሎቹ ልጆች ሁለቱንም ሸምድደው በፈተና ወረቀት ላይ መለሱልዎት። እሱ ግን አጋጫቸው።

ልጆች ሳይንስን እንዴት ይረዱታል ለሚለው ብዙ የተደከመበት ጥናት አለ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ እ.ኤ.አ. በ1989 ሱዛን ኬሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘው ያወጡት ነው፤ በዕድሜ ልክ የእርስዎ ልጆች ማለት ነው። ተማሪዎቹን ሳይንቲስት ምን ይሠራል፣ ሙከራ የሚያደርገው ለምንድን ነው፣ ሙከራው እንዳሰበው ባይወጣለትስ ምን ያደርጋል እያሉ ጠየቋቸው። ከብዙዎቹ የተገኘው መልስ ሙከራ ማለት አንድን ነገር ሞክሮ ይሠራ እንደሆነ ማየት ነው የሚል ነበር። ለእነሱ ሳይንቲስት መድኃኒት ይሠራል፣ ዕቃ ይፈለስፋል፣ ያልታወቀ ነገር ያገኛል። ከሙከራው በፊት በሰው አእምሮ ውስጥ አንድ ሐሳብ መኖሩ፣ ሙከራውም ያንን ሐሳብ ለመፈተን የታቀደ መሆኑ አልታያቸውም።

እንግሊዝ አገር ሮዛሊንድ ድራይቨርና የሥራ ጓደኞቿ የ9፣ የ12 እና የ16 ዓመት ልጆችን ጠይቀው ያገኙትም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ትንንሾቹ ማብራሪያ ከነገሩ ላይ በዓይን የሚለቀም ይመስላቸዋል፤ ደህና አድርጎ ላየ ሁሉ ተፈጥሮ ራሷ ትናገራለች። ከፍ ያሉት ደግሞ ይህ ሲጨምር ያ ይቀንሳል የሚለውን ዝምድና ይፈልጋሉ። ማብራሪያ ሰው አስቦ የሚሠራው፣ ከዚያም ከሚታየው ነገር ጋር እያስተያየ የሚያርመው ነገር መሆኑን የሚናገር ልጅ በ16 ዓመቱም ብርቅ ነበር። እንግዲህ የእርስዎ ተማሪዎች ከዓለም ልጆች የተለየ ድክመት የለባቸውም።

በእኛ ዘንድ ግን በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ቋንቋችን ነው። አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ችግሩ ቃላቱ ወደ ክፍል የሚገቡት የውጭ ኑሯቸውን ይዘው መሆኑ ነው፤ እኛም በር ላይ አንፈትሻቸውም። «ሙከራ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። ሞከረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ «የመጀመሪያ ሙከራዬ አልተሳካም» እንላለን። ስለዚህ የእኛ ልጅ «ሙከራ ማለት መሞከር ነው» ሲል የአሜሪካዎቹን ልጆች ስህተት መድገሙ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ፈታ እንጂ ምን አጠፋ? «ማስረጃ»ም እንዲሁ ነው። ልጁ ይህን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው ከልደት የምስክር ወረቀትና ከታላቅ እህቱ የትምህርት ማስረጃ ጋር ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም። በሳይንስ ግን ማስረጃ ይመዘናል፤ ደካማ አለ፣ ጠንካራ አለ፣ ሁለት ቦታ የሚጎትትም አለ።

«ሕግ» ከሁሉ ይብሳል። ሕግ ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ የጣሰው ይቀጣል። ስለዚህ ልጆቻችን መላምት አድጎ ቲዎሪ፣ ቲዎሪው ደግሞ ሲጸድቅ ሕግ የሚሆን ይመስላቸዋል፤ ረቂቅ አዋጅ ምክር ቤት ገብቶ እንደሚወጣው ዓይነት። ከልጆቹ አልፎ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣሉ የሚያስተምሩ መምህራን አይቻለሁ። እኔም ወጣት ሳለሁ ሥያለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የብስክሌት መንፊያ አፉን በጣትዎ ደፍነው እጀታውን ሲገፉ አየሩ እየተጨመቀ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ አየሩ የያዘው ቦታ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን በቁጥር የሚነግረን የቦይል ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1662 የታተመ። ለምን እንዲያ ይሆናል ለሚለው መልስ የሚሰጠው ደግሞ አየር ያለማቋረጥ ከሚጋጩ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው የሚለው ቲዎሪ ነው። እሱ ተሟልቶ የቆመው ከሕጉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ሕጉ ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ ቲዎሪው ለምን እንደሚሆን ያስረዳል። አንዱ የሌላው ልጅነት አይደለም። በከተማችን አነጋገር ግን «እሱ ቲዎሪ ነው» ማለት «ወሬ ብቻ ነው፣ ተግባር የለውም» ማለት ሆኗል፤ ልጁም ይህንኑ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው ልምጣ። ተቆልፎ መዋሉ ያሳዝናል፤ ቢከፈት ግን የልጁ ጥያቄ በራሱ ይመለስ ነበር ብለው አያስቡ። ያየሁትን ልንገርዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ከተማ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ትምህርት እከታተል ነበር። ዕለቱ የውኃ መፍያ ነጥብ የሚለካበት ነው። አራት ቡድን፣ አራት ድስት፣ አራት ቴርሞሜትር፣ ከሰል ላይ። ከአጠገቤ ያለው ቡድን ውኃ ተንፈቅፍቆ ፈላ። መዝጋቢዋ ቀጭን ልጅ ጎንበስ ብላ አነበበችና «91» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግማ አየች፤ አሁንም 91። ከዚያ የጓደኛዋን መጽሐፍ ገለጠች፣ ላጲስ ተቀበለች፣ 91ን አጠፋችና 100 ብላ ጻፈች። ላጲሱ ወረቀቱን ስላሳሳው 100 የሚለው ከሌላው ጽሑፍ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀስ ብዬ «ለምን አጠፋሽው?» አልኋት። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለችኝ። ተነሥቼ ሌሎቹን ቡድኖች ዞርኩ። ሁሉም ወረቀት ላይ 100 ተጽፏል፤ ሁሉም ቴርሞሜትር ከ90 እስከ 92 ባለው መካከል ነው። አራት የተበላሹ ቴርሞሜትሮች፣ አራቱም በአንድ ዓይነት የተበላሹ!

መምህሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ለሁሉም እርማት ሰጠ፤ አሥር ከአሥር።

እርስዎ እንደሚያውቁት ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ባለው የአየር ግፊት ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ በግምት በየሦስት መቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። የእርስዎ ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነች ከ90 ብዙም አትርቅም። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ እሳቱ ቢበረታም የፈላው ውኃ ያው 90 ነው፣ ከዚያ አይሞቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ቀን ሊማሩት የሚችሉት ትልቁ ነገር በላጲስ ጠፋ። ልጅቱ ግን ምንም አልሳተችም፤ የተማረችውን በትክክል ሠራች። ሙከራ የሚደረገው በመጽሐፍ የተጻፈው እንዲገኝ ነው፣ ካልተገኘ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የእኔ ነው የሚለውን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስንነግራት ኖረናል። በቃል ሳይሆን በእርማት።

እጅ ሥራው ብቻውን እንደማይበቃ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሮላ ኪሽፌና ፉአድ አብድ አልኻሊቅ የቤይሩት 6ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው የሠሩት ጥናት ታትሟል። በድምሩ 62 ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ወገን ለሁለት ወር ተኩል ያህል ተመሳሳይ የምርምር ሥራ ሠሩ፤ ለኩ፣ ጠየቁ፣ ደመደሙ። ልዩነቱ አንዱ ቡድን ከሥራው በኋላ ቁጭ ብሎ «አሁን ያየነው የቱ ነው? የገመትነውስ? ሁለት ቡድን አንድ ነገር አይቶ ለምን ተለያየ? ሳይንቲስቶችስ እንዲህ ይገጥማቸው ይሆን?» እያለ ይወያይ ነበር። ሌላው ቡድን ሠርቶ ብቻ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የተወያዩት ልጆች አስተያየት በሚታይ መጠን ተለወጠ፤ የሌሎቹ ግን በነበረበት ቀረ። ስለዚህ የሳይንስ ምንነት እንደ ጉንፋን በመቀራረብ አይተላለፍም። አፍ አውጥቶ መናገርና ማናገር ይፈልጋል። ለእርስዎ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ውይይት ቁልፍ አይጠይቅም።

የምንወያይበት ነገር ደግሞ አለን፤ ያውም የራሳችን። እኔ በሥልጠና ላይ ሁልጊዜ የምጀምረው በአክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠና ነበር። በሽታው የሚተላለፈው ጥገኛ ትሉ በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ሲወጣ ነው። አክሊሉ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንዳሉ አስተዋለ። ከዚያ በላይ ባለው ውኃ ግን እንዲያ አልነበረም። በሕይወት ያሉትን ለቅሞ በዕቃ አደረገና ከምታጥብ ሴት የእንዶድ አረፋ አስጨመረበት፤ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ለልጆች ነግረው እዚህ ላይ ያቁሙና ይጠይቋቸው። በዓይኑ ያየው ምንድን ነው? የሞቱ ቀንድ አውጣዎች። እንዶድ ሲገድላቸው አይቷል? አላየም፤ ያንን ያሰበው እሱ ነው። ሌላ ምን ሊገድላቸው ይችል ነበር? ልጆች እዚህ ላይ ይፈነዳሉ፦ ቆሻሻው፣ ሳሙናው፣ የሰው እግር፣ ሙቀቱ። ታዲያ በዕቃ አድርጎ አረፋ መጨመሩ ለምን አስፈለገ? ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ግምት አስወገደለት፣ የትኛውን አላስወገደለትም? መምህር፣ ምልከታ፣ ድምዳሜ፣ መላምት፣ ሙከራ የሚባሉት ቃላት ሁሉ እዚህ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ያገኟቸዋል፤ አንዳቸውንም በትርጉም ማስጻፍ አያስፈልግም።

ደግሞም እንዶድ ልብስ ማጠቢያ መሆኑን የማያውቅ ተመራማሪ እዚያው ወንዝ ዳር ቆሞ ምንም ሳያይ ይመለስ ነበር። የምናየው በምናውቀው ልክ ነው የሚለውን ነገር ልጆች ከዚህ በተሻለ አይረዱትም። ነገሩ በአንድ ቀን እንዳላለቀም ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ የዓመታት ሥራ ነበር፤ ለሌላ እንስሳ፣ ለሰው፣ ለውኃው አይጎዳም ወይ የሚለው የመርዛማነት ምርመራ ብዙ ጊዜና ብዙ ክርክር ወሰደ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዓድዋው ቀን ሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

(ነገርን ነገር ያነሣዋልና፤ ተማሪዎችዎን ሳይንቲስት ሣሉ ብለው ያውቃሉ? ዴቪድ ቻምበርስ የተባለ ሰው ከ4800 በላይ የሚሆኑ ሕፃናትን ሥዕል ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ጥናት አለ። ከዚያ ሁሉ ሥዕል ሴት ሳይንቲስት ያለባቸው 28 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉንም የሣሉት ሴቶች ልጆች ናቸው። እኔ በየሄድሁበት ሣሉ ስል የማገኘው መነጽር ያደረገ፣ ጸጉሩ የቆመ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ፈረንጅ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ፈረንጁን ሥላ ስታበቃ ከጎኑ ጠርሙስ የምትይዝለት ሐበሻ ጨመረች። «ረዳቱ ናት» አለችኝ። ስለ አክሊሉ ካስተማሩ በኋላ እንደገና ያሥሏቸው፤ ወንዝ ይሥላሉ።)

የልጁን ጥያቄ እስካሁን አልመለስሁትም። ለእሱ የምለው ይህ ነው።

በመጀመሪያ «ሳይንስ ተለወጠ» ሲባል ምኑ እንደተለወጠ ይጠይቅ። በፕሉቶ ጉዳይ የተለወጠው ስሟ እንጂ እሷ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤሪስ የምትባል፣ በመጠን ፕሉቶን የምትቀራረብ አካል መገኘቷ ተነገረ። እንግዲህ ወይ እሷንም ፕላኔት ማለት ነው፣ ከኋላዋ የሚመጡትንም እንዲሁ፤ ወይም ፕላኔት የሚለውን ቃል በወሰን ማጠር ነው። በዓመቱ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ፕራግ ላይ ተሰብስበው ሁለተኛውን መረጡ። ፕሉቶ ምን ያህል ትመዝናለች፣ ፀሐይን ለመዞር ስንት ዓመት ይፈጅባታል የሚለው በዚያ ድምፅ አንድ ፍሬ አልተነካም። ይህ ለውጥ አንድ ቀበሌ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው እንደሚዛወረው ነው፤ ተራራው አይንቀሳቀስም።

ሌላ ዓይነት ለውጥ ግን አለ፤ በእውነት ተሳስተን የተመለስንበት። ለዚህ ከጨጓራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ጨጓራ የሌለበት ቤት የለምና። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት፣ ከአሲድ መብዛትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። ሐኪሙም መጽሐፉም ይህንኑ ይላሉ። አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ሮቢን ዋረን ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጠምዘዝ ያለ ባክቴሪያ በተደጋጋሚ አየ። ባሪ ማርሻል ተጨመረና እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን ማራባት ቻሉ። ብዙ ሰው አላመናቸውም፤ በአሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ተባሉ። ማርሻል በ1984 ያንን ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ይህም ቢሆን ነገሩን በአንድ ሌሊት አልቋጨውም፤ አንድ ሰው ታመመ ማለት ብቻ ነበርና። ቀስ በቀስ በሌሎች ሰዎች እጅ፣ በሌሎች አገሮች፣ ባክቴሪያውን በመድኃኒት ያጠፉ ሕሙማን ቁስለታቸው እንደማይመለስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ታዘዘልኝ የሚል ዘመድ ያለው ልጅ ሁሉ የዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ነው።

እዚህ ላይ ለልጁ ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሱለት፦ ሐኪሞቹ በፊት ያሉትን ሙጥኝ ብለው ቢቀሩ ኖሮ ይበልጥ ታምናቸው ነበር? የምናምነው እኮ አንድ ጊዜ የተናገረውን የማይለውጠውን ሰው ሳይሆን የሚለውጥበትን ምክንያት የሚያሳየንን ነው። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያስፈራል እንጂ አያስተማምንም። ደግሞ ማርሻልም ስለደፈረ ብቻ አልታመነም፤ ይህን ካልጨመሩ ልጁ ብቻውን የቆመ ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ይሄዳል። የተሳሳቱ ደፋሮች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ ታሪካቸውን የሚነግርላቸው ሰው ስለሌለ ነው የማንሰማው።

በመጨረሻ ልጁ ሳይንስን እንደ አንድ ቁራጭ ማየቱን እንዲተው ይርዱት። በአንድ ርዕስ ውስጥ እንኳ ጽኑ የሆነና ገና የሚዋልል ክፍል አለ። ድንቅነሽን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 ሐዳር ላይ መገኘቷ፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ መሰብሰቡ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ማስቆጠሯ፣ በሁለት እግሯ መሄዷ፣ እነዚህ በብዙ ወገን ተፈትነው የቆሙ ናቸው። እንዴት ሞተች? እ.ኤ.አ. በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ስብራቶቹን መርምረው ከዛፍ ወድቃ ነው አሉ። እሷን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች ደግሞ አጥንት ከሞት በኋላ አፈር ውስጥም እንዲህ ይሰበራል ብለው ተቃወሙ። አጥንቱ ያው አንድ አጥንት ነው፤ ስንጥቁን ሁሉም ያያል። የተለያዩት ስንጥቁ ምን ይነግረናል በሚለው ላይ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና የታየችበትን ጠዋት ያስታውሷቸው፤ ቀኑና ሰዓቱ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ልጁ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን «ሳይንስ ነው» ብሎ ማመንም «ይለወጣል» ብሎ መጣልም የለበትም።

አንዳንድ መምህራን ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ቶሎ ወደ ሃይማኖት ክርክር ይገባሉ። እኔ አልመክርም። ልጁ የጠየቀው ዕውቀት እንዴት እንደሚቆም ነው፤ እምነቱን እንዲመዝን አልጠየቀዎትም።

በክፍል ውስጥ ምን ላድርግ ካሉ ሁለት ነገር ብቻ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ብይና አንድ ጠፍጣፋ ነገር አድርገው ክዳኑን በፕላስተር ያሽጉት። ልጆቹ ያንቀጥቅጡ፣ ያዘንብሉ፣ ያዳምጡ፤ ምን እንዳለ በሥዕል ያሳዩ፤ «አንዱ ይንከባለላል፣ አንዱ ይንሸራተታል» ይበሉ፤ ይከራከሩ። በመጨረሻ «ቲቸር፣ ክፈቱልን!» ይላሉ። እባክዎ እንዳይከፍቱት። መምህራን ሁሉ እዚህ ላይ ልባቸው ይራራና ይከፍቱታል፤ የተከፈተ ቀን ጨዋታው ግምት ሆኖ ይቀራል፣ መልሱም እንደ ወትሮው በአስተማሪው እጅ ይሆናል። አቶምን ከፍቶ ያየ፣ የምድርን እምብርት ቆፍሮ የደረሰ ማንም የለም። ቆርቆሮው እስከ ሰኔ ድረስ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው እርሾ ነው። ኬሪና ባልደረቦቿም በዚያው ጥናታቸው ልጆቹን ያስተማሩት ሊጥ ለምን ኩፍ ይላል በሚለው ጥያቄ ነበር። አራት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የዳቦ እርሾ፣ ስኳር፣ ለብ ያለ ውኃ፣ አራት ፊኛ። ልጆች መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ቀላቅለው ፊኛው ሲነፋ ማየት ነው የሚፈልጉት፤ ያ መሞከር ነው፣ ይሞክሩ። ከዚያ «ፊኛውን የነፋው ስኳሩ ነው ወይስ እርሾው?» ይበሏቸው። አሁን አንዱን ጠርሙስ ያለ ስኳር፣ አንዱን ያለ እርሾ፣ አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ ለማድረግ ራሳቸው ይደርሱበታል። የመጀመሪያው ጠርሙስና የሁለተኛው ዙር ጠርሙሶች በምን ይለያሉ ብለው ይጠይቋቸው፤ ሙከራ የሚለው ቃል ከመሞከር የሚለይበትን ቦታ በራሳቸው አፍ ይነግሩዎታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በእኛ ሙያ ኖርማን ሌደርማንና ባልደረቦቹ ያስፋፉት የሳይንስ ባሕርያት ዝርዝር አለ፦ በምልከታ ላይ ይቆማል፣ ሊለወጥ ይችላል፣ የሰው ፈጠራ አለበት፣ ከማኅበረሰቡ አይነጠልም፣ ወዘተ። ዝርዝሩ ለመምህር ይጠቅማል። ለልጅ ግን ከተሰጠ በሳምንቱ ምርጫ ጥያቄ ይሆናል፤ «ከሚከተሉት ውስጥ የሳይንስ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው?» ዳግላስ አልቺንን የመሳሰሉ ሰዎች ዝርዝሩን የተቃወሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጁ ሳይንስ ይለወጣል ብሎ ሸምድዶ፣ ነገ በስልኩ የመጣለትን አንድ የመድኃኒት ወሬ የሚያምንበትንም የሚጥልበትንም መንገድ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የእንዶዱን ወንዝ፣ የጨጓራውን ባክቴሪያ፣ የድንቅነሽን ስብራት ይዘው ይግቡ፤ ዝርዝሩ በእርስዎ ኪስ ይቅር።

ቤተ ሙከራውን በተመለከተ ቁልፉን የያዘውን ሰው አንድ ነገር ብቻ ይለምኑት፤ ቴርሞሜትር። ድስትና ከሰል ከቤት ይመጣል። ውኃውን አፍሉ፣ ልጆቹ ያነበቡትን ይጻፉ፣ ላጲስ ግን ሁሉም ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በመጽሐፉ 100 የሚለውንና በወረቀታቸው ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያንን ልጅ ያስነሡት፤ ማንን እንደሚያምንና ለምን እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ቴርሞሜትሩ በትክክል 100 ካነበበላችሁ ግን፣ ያን ጊዜ እውነትም ተበላሽቷል።